1,035 ወይስ 44? በጋምቤላ መረጃ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌርን መጀመር

መግቢያ

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ መጠይቁን በትኖና ሰብስቦ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ «መረጃውን በምን ልተንትነው?» የሚል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ የአንድ ሶፍትዌር ስም ነው። ሶፍትዌሩን ኮምፒዩተሩ ላይ ይጭናል፤ የትኛው ትእዛዝ የት እንደሚገኝ ከጓደኛው ይማራል፤ ወዲያውም ሠንጠረዥና ግራፍ ማውጣት ይጀምራል። ጅምሩ መጥፎ አይደለም። ሆኖም ሶፍትዌር የታዘዘውን ያሰላል እንጂ የታዘዘው ነገር ትርጉም ያለው መሆኑን አይመረምርም። አማካይ አውጣ ሲሉት ያወጣል፤ የወጣው አማካይ የማን አማካይ እንደሆነ ማወቅ ግን የተመራማሪው ድርሻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ለመጀመር የሚያስፈልጉትን መሠረታዊ ነገሮች በአንድ እውነተኛ ምሳሌ እየታገዝን እንመለከታለን። ምሳሌያችን በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ነው። ኤጀንሲው ዛሬ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተብሎ ይጠራል። ከጥናቱ ውስጥ በተለይ የጋምቤላን ክልል የመረጥነው በምክንያት ነው። በሕዝብ ብዛት ትንሽ ከሆኑት ክልሎች አንዱ በመሆኑ፣ ሶፍትዌርን ያለ ጥንቃቄ የሚጠቀም ሰው የሚሠራው ስህተት በጋምቤላ መረጃ ላይ ጎልቶ ይታያል።

የትኛውን ሶፍትዌር እንምረጥ?

በዩኒቨርሲቲዎቻችን በስፋት የሚታወቀው ኤስፒኤስኤስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች ታስቦ የተጀመረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የአይቢኤም ኩባንያ ገዝቶታል። ሥራው በአብዛኛው ከማውጫ ላይ በመምረጥ ስለሚከናወን ለጀማሪ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ስታታ በኢኮኖሚክስና በሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ ተወዳጅ ነው። ሁለቱም በገንዘብ የሚገዙ ናቸው።

አር የተባለውን ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ጀመሩት። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል። ትእዛዙ በጽሑፍ ስለሚሰጥ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ነገር ግን ከተለመደ በኋላ እጅግ ሰፊ ሥራ ይሠራል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚገኝ ተማሪ አርንና የሚያስፈልጉትን ተጨማሪ ጥቅሎች አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ዲስክ ይዞ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይችላል። ኤስፒኤስኤስን የሚመስል ነገር በነፃ የሚፈልግ ደግሞ ፒኤስፒፒን መሞከር ይችላል።

ምርጫው የሚያስጨንቅ አይደለም። አማካይ፣ መደበኛ ልይይትና መቶኛ በሁሉም ዘንድ አንድ ናቸው። ከሁሉ የሚሻለው የቅርብ መምህርና ጓደኛ የሚያውቁት ሶፍትዌር ነው፤ ችግር ሲያጋጥም የሚጠየቅ ሰው ይገኛልና።

መጀመሪያ ሠንጠረዡ

ማንኛውም ሶፍትዌር መረጃን የሚቀበለው በሠንጠረዥ መልክ ነው። አንዱ ረድፍ አንድ የጥናት አሃድ ነው፤ ሰው፣ ቤተሰብ፣ ወይም ከባሮ ወንዝ በአንድ ቀን የተወሰደ አንድ የውኃ ናሙና ሊሆን ይችላል። አንዱ ዓምድ አንድ ተለዋዋጭ ነው፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የውኃ ሙቀት። በአንድ ሣጥን ውስጥ ከአንድ በላይ መልስ አይገባም። «25 ዓመት» ብሎ መጻፍም ስህተት ነው፤ ቁጥሩ 25 ብቻ ሆኖ አሃዱ በኮድ መፍቻው ላይ ይገለጻል።

የኮድ መፍቻ የምንለው እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሆነና እያንዳንዱ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የሚዘረዝር ሰነድ ነው። የቦታ ስሞችን በቃል ከመጻፍ በኮድ መጻፍ ይመረጣል። ጋምቤላ በላቲን ፊደል አንዳንዴ በአንድ «ኤል»፣ አንዳንዴ በሁለት «ኤል» ይጻፋል። ለእኛ አንድ ከተማ ናት፤ ለሶፍትዌሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። የአኙዋክ፣ የኑዌርና የማጃንግ ዞኖችን 1፣ 2፣ 3 ብለን ብንሰይም ይህ ችግር ይወገዳል። በዚህ ጊዜ መዘንጋት የሌለበት ቁጥሮቹ ስም እንጂ መጠን አለመሆናቸው ነው። ሶፍትዌሩ የዞኖቹ አማካይ 1.8 ነው ብሎ ሳያፍር ይነግረናል፤ ትርጉም ግን የለውም።

የተመላሾችን ስምና የስልክ ቁጥር ከመተንተኛው ሠንጠረዥ ማውጣትም የመጀመሪያ ቀን ተግባር ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቀበሌ የአንድ ሰው የጤና ሁኔታ በፍላሽ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ሊዞር አይገባም።

ቁጥር የሚመስሉ ነገር ግን ቁጥር ያልሆኑ

መልስ ያልሰጠን ሰው ዕድሜ 99 ብሎ መመዝገብ የቆየ ልማድ ነው። የአራት ሰዎች ዕድሜ 18፣ 20፣ 22 እና 99 ተብሎ ቢመዘገብና ሶፍትዌሩ 99 «መልስ የለም» ማለት መሆኑን ካልተነገረው አማካዩን 39.75 ያደርገዋል። ትክክለኛው የሦስቱ ሰዎች አማካይ 20 ነው።

በ2008ቱ ጥናት ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። ወደ ውኃ ቦታ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀውን ጊዜ በደቂቃ የሚይዘው ዓምድ ቪ 115 ይባላል። ውኃው ቤቷ ግቢ ውስጥ ያለ ሴት በዚህ ዓምድ 996 ተብላ ተመዝግባለች፤ «አላውቅም» ያለችው ደግሞ 998። ይህን ያላወቀ ተማሪ አማካይ ቢያወጣ ውኃ በደጇ ያላትን ሴት ከ16 ሰዓት በላይ ያስኬዳታል። ስለዚህ አማካይ ከማውጣት በፊት የእያንዳንዱን ዓምድ የድግግሞሽ ሠንጠረዥ ማውጣት፣ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ማየት፣ ከኮድ መፍቻው ጋር ማስተያየት ግድ ነው።

ጋምቤላ በመረጃው ውስጥ ስንት ናት?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ጥናቱ በመላ አገሪቱ 645 የቆጠራ ቦታዎችን መረጠ፤ 202ቱ ከከተማ፣ 443ቱ ከገጠር። ከእያንዳንዱ ቦታ 28 ቤተሰቦች ተመረጡ። በመጨረሻም ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 15,683 ሴቶች ቃለ መጠይቅ ተደረገላቸው። የአራት አካባቢዎችን ቁጥር እንመልከት። የመጀመሪያው ቁጥር በትክክል የተጠየቁት ሴቶች ብዛት፣ ሁለተኛው ደግሞ በሕዝብ ድርሻቸው ተመዝነው የሚገኘው ብዛት ነው።

ኦሮሚያ፦ የተጠየቁ 1,892፤ ሲመዘኑ 5,701
አማራ፦ የተጠየቁ 1,719፤ ሲመዘኑ 3,714
አዲስ አበባ፦ የተጠየቁ 1,824፤ ሲመዘኑ 930
ጋምቤላ፦ የተጠየቁ 1,035፤ ሲመዘኑ 44

በጋምቤላ 1,035 ሴቶች ተጠየቁ፤ ነገር ግን 15,683ቱ ሴቶች በየክልሉ የሕዝብ ድርሻ ቢከፋፈሉ ኖሮ ለጋምቤላ የሚደርሳት 44 ብቻ ነበር። ታዲያ ይህን ያህል ሴት ለምን ተጠየቀ? 44 ሴት ጠይቆ ስለ አንድ ክልል መናገር ስለማይቻል ነው። የጥናቱ አዘጋጆች እያንዳንዱ ክልል የራሱ አስተማማኝ አኃዝ እንዲኖረው ሲሉ ከትናንሽ ክልሎች ሆን ብለው ብዙ ሰው ወሰዱ። ይህን ያደረጉትም በግልጽ፣ በሒሳብ ማካካሻ ነው። ማካካሻው ክብደት ይባላል።

ክብደት የአንዲት ተጠያቂ መልስ በአገራዊው ስሌት ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆጠር የሚነግር ቁጥር ነው። ከላይ ካለው ዝርዝር እንደምናሰላው በጋምቤላ አማካይ ክብደቱ 44 ለ1,035 ሲካፈል ነው፤ 0.0425 ያህል። በኦሮሚያ 5,701 ለ1,892 ሲካፈል 3.01 ያህል ነው። አገራዊ አኃዝ ስናወጣ የአንዲት የኦሮሚያ ተጠያቂ መልስ የ71 የጋምቤላ ተጠያቂዎችን መልስ ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ይህ የሰውን ዋጋ ማበላለጥ አይደለም፤ በናሙና አወጣጡ የተፈጠረውን አለመመጣጠን መልሶ ማስተካከል ነው።

ክብደት ሳንሰጥ ብንቆጥርስ?

ሶፍትዌሩ ፋይሉን ሲከፍት የሚያየው 15,683 እኩል ረድፎችን ነው። ካልነገርነው በስተቀር ጋምቤላን ከአገሪቱ ሴቶች 6.6 በመቶ አድርጎ ይቆጥራታል፤ ትክክለኛው ድርሻ ግን 0.28 በመቶ ነው። ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለማየት ለልምምድ ያህል ብቻ የታሰበ ስሌት እንሥራ። አንድ ሕመም በጋምቤላ ከ100 ሴቶች በ5ቱ፣ በኦሮሚያ ከ100 በ1ዷ ይገኛል እንበል። የሁለቱን ክልሎች የጋራ መጠን እንፈልግ።

ያለ ክብደት፦ (1,035 × 5 + 1,892 × 1) ÷ 2,927 = 2.4 በመቶ
በክብደት፦ (44 × 5 + 5,701 × 1) ÷ 5,745 = 1.0 በመቶ

አንድ ትእዛዝ በመዘንጋቱ የሕመሙ መጠን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ጉዳዩ ከወረቀት አልፎ ይሄዳል። በዚሁ ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑ ሰዎች መካከል የኤችአይቪ ስርጭት በአገር አቀፍ ደረጃ 0.9 በመቶ፣ በጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበር። ክብደት የዘነጋ ተማሪ አገራዊውን አኃዝ ከልክ በላይ ያንረዋል። በሌላ በኩል አገራዊውን 0.9 በመቶ ይዞ ለጋምቤላ መድኃኒትና የጤና ባለሙያ የሚመድብ ሰው ክልሉን ይበድለዋል። መድኃኒቱ የሚበቃቸው ሰዎች ቁጥር የሚወሰነው በየትኛው አኃዝ እንደተሰላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ እንያዝ። ጋምቤላ ስለ ራሷ ስትናገር ድምፅዋ የ1,035 ሴቶች ድምፅ ነው፤ ከአገሪቱ ጋር ስትደመር ግን ድርሻዋ የ44 ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የምርምር ጥያቄው ነው። በአንድ ክልል ውስጥም የከተማውና የገጠሩ ክብደት ስለሚለያይ የጋምቤላን አኃዝ ብቻ ስናወጣም ክብደቱን መጠቀም አለብን።

ተግባሩ አጭር ነው። በሴቶች ፋይል ውስጥ ክብደቱ ቪ 005 በሚባለው ዓምድ ይገኛል፤ የነጥቡ ቦታ ስላልተጻፈ ለ1,000,000 መካፈል አለበት። በዓምዱ ላይ 42,500 የሚል ቢነበብ ክብደቱ 0.0425 ነው ማለት ነው። ለኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ግን ኤችአይቪ 05 የተባለ ሌላ ክብደት ተዘጋጅቷል፤ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ስህተቱስ ምን ያህል ነው?

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ልኬት ያለ ስህተት መጠኑ አይጻፍም። የመስክ ጥናትም እንዲሁ ነው። ያንኑ የልምምድ አኃዝ፣ 5 በመቶን፣ እንውሰድ። ከ44 ሴቶች ብቻ ተገኝቶ ቢሆን በቀላል የዕጣ ናሙና ስሌት የ95 በመቶ መተማመኛው ሲደመርም ሲቀነስም 6.4 ይሆናል፤ ከዜሮ በታች እስከ 11 በመቶ ማለት ነው። ይህ ምንም አይነግረንም። ከ1,035 ሴቶች ሲሆን ግን ሲደመርም ሲቀነስም 1.3 ይሆናል። አዘጋጆቹ በጋምቤላ ብዙ ሴት የጠየቁበት ምክንያት በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ውስጥ ይነበባል።

ሆኖም 1.3 የሚለውም ከልክ ያለፈ መተማመን አለበት። ሴቶቹ ከክልሉ ሁሉ አንድ በአንድ በዕጣ አልተመረጡም፤ በቆጠራ ቦታ በቆጠራ ቦታ ተሰብስበው ነው የተጠየቁት። በአንድ ቦታ ያሉ 28 ቤተሰቦች ከአንድ ጉድጓድ ወይም ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ፤ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። አንዷ «ከባሮ እንቀዳለን» ካለች ጎረቤቷም ይህንኑ ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ 28ቱ መልሶች የ28 ነፃ ማስረጃዎችን ያህል አይመዝኑም። አንድን የተዛባ ቴርሞሜትር 28 ጊዜ ብናነበው ትክክለኛውን ሙቀት 28 እጥፍ አናውቀውም። በዚህ ምክንያት የውጤቱ ልይይት በእጥፍ ቢያድግ 1,035 ሴቶች የ517 ያህል ማስረጃ ብቻ ይሆናሉ፤ 1.3 የነበረውም ወደ 1.9 ከፍ ይላል።

ሶፍትዌሩ ይህን እንዲያሰላ ሦስት ነገሮች ይነገሩታል፤ ክብደቱ፣ የቆጠራ ቦታው መለያና ናሙናው የተከፈለባቸው ክፍሎች። በስታታ ይህ የሚደረገው ኤስቪዋይሴት በተባለው ትእዛዝ ነው። በአር ቶማስ ላምሊ ያዘጋጀው ሰርቬይ የተባለ ጥቅል አለ። በኤስፒኤስኤስ ዌይት ኬዝስ የሚለው ምርጫ መቶኛውን ያስተካክላል፤ የስህተቱን መጠን ግን አያስተካክልም። ለዚያ ኮምፕሌክስ ሳምፕልስ የተባለው ተጨማሪ ክፍል ያስፈልጋል። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ መቶኛው ትክክል ሆኖ «ልዩነቱ ጉልህ ነው» የሚለው መደምደሚያ ግን መሠረት ያጣል።

የዘመን አቆጣጠር ነገር

የውጭ አገር መጻሕፍት ብዙ የማይጽፉት፣ እኛን ግን በቀጥታ የሚመለከት ችግር አለ። ሶፍትዌሮች የሚያውቁት የጎርጎርዮስን ዘመን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለን ብናስገባ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌላት እንደ ቀን አይቀበሉትም፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች አያውቋትም። መፍትሔው ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መመዝገብ ነው።

የ2008ቱ ጥናት ቀኖች በፋይሉ ውስጥ የተመዘገቡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ወራቱ እ.ኤ.አ. እንደሚደረገው ዓመቱ ከ1900 ያለው ልዩነት በ12 ተባዝቶ ወሩ እየተደመረበት ይቆጠራሉ። የካቲት 2008 ስንል 108 × 12 + 6 = 1,302 ይሆናል። ሶፍትዌሩ ይህን እንደ ጁን 2008 እ.ኤ.አ. ይተረጉመዋል። 92 ወር ስንደምርበት ግን 1,394 ይሆናል፤ ይህም ፌብሩዋሪ 2016 ነው። ዕድሜ ለማስላት ሁለቱም ቀኖች በአንድ አቆጣጠር እስካሉ ድረስ ችግር የለም። የጤናውን መረጃ ከባሮ የውኃ መጠን ጋር ለማዛመድ የሚሞክር ተማሪ ግን ባሮ እጅግ በሚጎድልበት ወቅት የተደረገን ቃለ መጠይቅ ከ7 ዓመት ከ8 ወር በፊት ከነበረ የክረምት መግቢያ ጋር ያጋባዋል። ሶፍትዌሩም ያለ አንዳች ቅሬታ ግራፉን ያወጣለታል።

የሥራ ቅደም ተከተል

እስካሁን የተባለውን ጀማሪ ተማሪ ሊከተለው በሚችል መልክ እናጠቃልለው።

1. ጥሬውን መረጃ ሳይነካ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማስቀመጥ፤ ሥራው በቅጂው ላይ ይሁን።
2. የኮድ መፍቻውን ከሶፍትዌሩ በፊት ማንበብ።
3. አንዱ ረድፍ ምንን እንደሚወክልና የናሙናው መነሻ ዝርዝር ማንን እንደሚያካትት መጠየቅ። ብዙ ስደተኞች በሚኖሩበት ጋምቤላ «የመጠለያ ጣቢያ ነዋሪዎች አሉበት?» የሚለው ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም።
4. የእያንዳንዱን ዓምድ ድግግሞሽ አውጥቶ እንደ 99፣ 996 እና 998 ያሉትን መለየት።
5. ክብደቱን፣ የቆጠራ ቦታውንና ክፍሎቹን ለሶፍትዌሩ ማሳወቅ።
6. ትእዛዛቱን ሁሉ በጽሑፍ ፋይል ማስቀመጥ። ከማውጫ እየመረጡ የሠሩትን ከሁለት ሳምንት በኋላ በቃል ማስታወስ አይቻልም፤ የተጻፈ ትእዛዝ ግን በአንድ ደቂቃ ይደገማል።
7. በታተመው ሪፖርት ውስጥ የሚገኝ አንድ አኃዝ መርጦ ያንኑ በራስ ኮምፒዩተር ማውጣት። ለምሳሌ የጋምቤላ ሴቶች ብዛት ያለ ክብደት 1,035፣ በክብደት 44 ካልመጣ ወደ ፊት አለመሄድ።

ሰባተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ለቤተ ሙከራ ሚዛን መደበኛ ክብደት ጭኖ እንደ መፈተሽ ነው። የታወቀውን በትክክል ያልመዘነ ሚዛን ያልታወቀውን ይመዝናል ብለን አናምነውም።

መልመጃ

ሀ. ከላይ ባለው ዝርዝር የአዲስ አበባና የአማራ ተጠያቂዎች አማካይ ክብደት ስንት ነው? አንዱ ከ1 በታች፣ ሌላው ከ1 በላይ የሆነው ለምንድን ነው?

ለ. ክብደቱን ለ1,000,000 ማካፈል የዘነጋ ተማሪ መቶኛው ይበላሽበታል? ብዛቱስ?

ሐ. እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት በጋምቤላ የኤችአይቪ ስርጭት 6.5 በመቶ ነበር፤ በ2016 ደግሞ 4.8 በመቶ። ስርጭቱ ቀንሷል ብሎ ለመጻፍ ከሁለቱ ቁጥሮች ሌላ ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

ሦስተኛውን ጥያቄ በቃል የመለሰ ተማሪ ሶፍትዌር ለመክፈት ዝግጁ ነው። ትእዛዛቱን ከአንድ ሳምንት ልምምድ በኋላ ማንም ይለምዳቸዋል። በጋምቤላ ሙቀት ከቤት ቤት እየዞሩ የጠየቁት መረጃ ሰብሳቢዎችና ጊዜያቸውን ሰጥተው የመለሱት 1,035 ሴቶች ድካም ከንቱ የማይቀረው ግን የሰጡት መልስ በትክክል ሲመዘን ነው።